በር የከፈተልኝ 20 ገጽ፦ ለፍልስፍና ፒኤችዲ እንዴት አመለከትኩ

ለፍልስፍና ፒኤችዲ ላመለክት ነው ስል ሰዎች ቶሎ የሚጠይቁኝ ስለ ውጤት ነበር። ጂፒኤ ስንት ነው? ጂአርኢስ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው)? ከመምህራኖቼ በቀር ስለ ጽሑፌ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ፕሮግራሙ ውስጥ ሆኜ ያንን ወቅት ሳስበው ግን፣ ከማመልከቻው ወረቀት ሁሉ ሚዛን የሚደፋው የጽሑፍ ናሙናው፣ ማለትም አመልካቹ አስተሳሰቡን ለማሳየት የሚያስገባው የፍልስፍና ጽሑፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜዬን የሰጠሁትም ለእሱ ነው። እዚህም ረዘም አድርጌ የማወራው ስለ እሱ ይሆናል።

መጀመሪያ ፉክክሩን እንየው። አሜሪካ ውስጥ የፍልስፍና ፒኤችዲ ብዙ ጊዜ ወጪው ተሸፍኖ ነው የሚሰጠው። የትምህርት ክፍያ አትከፍሉም፣ ለኑሮ የሚሆን አበል ታገኛላችሁ። በምላሹ የተወሰኑ ዓመታት ታስተምራላችሁ ወይም መምህር ታግዛላችሁ። ይህ 5 ወይም 6 ዓመት ይቀጥላል። ለአንድ ተማሪ ይህን ያህል የሚያወጣ ዲፓርትመንት ብዙ ሰው ሊቀበል አይችልም። እንደ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሩትገርስ፣ ፕሪንስተንና ፒትስበርግ ባሉት ቦታዎች የሚያመለክተው ሰው በመቶዎች ይቆጠራል። በአንድ ዓመት የሚገቡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አይበልጡም።

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ፣ ግን ሥራዬን የት ላይ ማዋል እንዳለብኝም ጠቆመኝ። ጥሩ ውጤት ያላቸው አመልካቾች ከቦታው ብዛት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ስለዚህ ውጤት ደጃፍ ድረስ ያደርሳል እንጂ አያስገባም። ማመልከቻውን የሚያነቡት ደግሞ የዲፓርትመንቱ መምህራን ናቸው። ራሳቸው ፍልስፍና የሚጽፉ፣ ከማስተማሩ ሥራ ላይ ይህ የተደረበባቸው ሰዎች። ትራንስክሪፕት ሁሉ አንድ ሲመስላቸው የሚፈልጉት ይህ ሰው እንዴት እንደሚያስብ የሚያሳያቸውን ነገር ነው። ያ ያለው ናሙናው ውስጥ ነው።

እኔ የተነሳሁት ከመመረቂያ ጽሑፌ ነው። ርዕሱ ከሰው ሰምተን ስለምናውቀው ነገር ነበር። የተወለድኩበትን ቀን የማውቀው ሰው ስለነገረኝ ነው። ረግጬው የማላውቀው አህጉር መኖሩንም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው ከተባለ የቆመው በምን ላይ ነው? የስኮትላንዱ ፈላስፋ ሂዩም የሰውን ቃል የምናምነው፣ ቃልና እውነታ አብዛኛውን ጊዜ ሲገጥሙ በልምድ ስላየን ነው ይላል። ሌላው የስኮትላንድ ፈላስፋ ቶማስ ሪድ ደግሞ ማመን በተፈጥሮ የተሰጠን ነው ይላል፤ ሕፃን ማስረጃ ሳይሰበስብ ያምናል፣ ባያምን ኖሮ ምንም ሊማር አይችልም። የመመረቂያ ጽሑፌ ይህን ክርክር ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አንስቶ እስካሁን ድረስ ይከተል ነበር። ለመመረቂያ የሚጠበቀውም ያ ነው፤ ብዙ ማንበባችሁንና የተነበበው መግባቱን ማሳየት።

ለናሙና የሚፈለገው ግን ሌላ ነው። አማካሪዬ ጽሑፉን አንብበው ከዚህ ሁሉ ውስጥ የራሴ የሆነው የቱ እንደሆነ ጠየቁኝ። መጨረሻው አካባቢ ያሉ ሁለት አንቀጾችን አሳየኋቸው። «በቃ፣ ጽሑፉ እነሱ ናቸው» አሉኝ።

በአንቀጾቹ ውስጥ የነበረው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ነገረኝ፣ እኔም አመንኩት። ማስረጃው ያለው እሱ ጋር ብቻ ነው። በኋላ እሱ ማስረጃውን ተጠራጥሮ ማመኑን ተወ። እኔ ይህን አልሰማሁም፣ አሁንም አምናለሁ። ታዲያ የማመን መብቴ ከእሱ ጋር አብሮ ወደቀ ወይስ እኔ ጋር ቀረ? ሂዩምና ሪድ ወደ አንድ ገጽ ወረዱ። የቀረው ገጽ በሙሉ ለዚህች ጥያቄ ተሰጠ።

ከባዱ ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አቋሜ የሰሚው መብት ከተናጋሪው ጋር ይወድቃል የሚል ነበር። ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ የመጣው ከትውስታ ነው። ብዙ የምናውቀውን ነገር ከየት እንዳወቅነው ረስተናል። ማስረጃው ከእጃችን ጠፍቷል፣ ግን ማንም አታውቁም አይለንም። እኔ ራሴ ማስረጃዬን ረስቼ ማወቄ ከቀጠለ፣ ሌላው ሰው ማስረጃውን በመተዉ ለምን ዕውቀቴን አጣለሁ? ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ መርታት አልቻልኩም። ያደረግኩት አቋሜን ማጥበብ ነው። መርሳት ማስረጃን ከእጅ ያስወጣል እንጂ ስህተት ነው አይልም፤ መጠራጠር ግን ማስረጃው ላይ ጣቱን ይቀስራል። ስለዚህ አቋሜ የሚሠራው ምንጩ አንድ ሰው ብቻ ሲሆንና ያ ሰው ሐሳቡን የቀየረው በቂ ምክንያት አግኝቶ ሲሆን ነው አልኩ። የቀረውን ክፍት መተዌንም በግልጽ ጻፍኩ።

ይህ ቦታ የጽሑፉ ልብ ሆነ። በኋላ ያነጋገሩኝ መምህራን ያነሱት ይህንኑ ገጽ ነው። ተቃውሞን በቀላሉ አዳክሞ ማሸነፍ ይቻላል፤ አንባቢው ግን የመስኩ ሰው ስለሆነ ወዲያው ያውቅበታል። ተቃዋሚያችሁን ራሱ ከሚያስረዳው በተሻለ አስረዱለት። ከዚያ ምን ያህሉን እንደመለሳችሁ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ንገሩ። ጠባብ ሆኖ የጸና አቋም ከሰፊና ከሚንገዳገድ አቋም በጣም ይሻላል።

የመጀመሪያውን ገጽ ከሌላው ሁሉ በላይ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። ጥያቄው ምንድን ነው፣ አቋሜ ምንድን ነው፣ ምን ይለውጣል፤ ሦስቱም እዚያው ገጽ ላይ ናቸው። «የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ስለ ዕውቀት ሲመራመር ኖሯል» የሚል ዓይነት መግቢያ ቦታ ይበላል። ረቂቁን ለመስኩ ሰው ብቻ አልሰጠሁም። ፍልስፍና ያልተማረ ግን በደንብ የሚያነብ ጓደኛዬም አነበበው። እሱ ግራ የገባው ቦታ ሁሉ የእውነት ግልጽ ያልሆነ ቦታ ነበር።

የገጽ ገደቡን አክብሩ። ብዙ ቦታ 20 ገጽ አካባቢ ነው፣ አንዳንዱ ከዚያ ያነሰ ይፈልጋል። ስለዚህ አጠር ያለ ሁለተኛ ቅጂ ማዘጋጀት ግድ ነው። ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ለሌላችሁ ደግሞ፣ እኔ ከሁሉ በላይ የተጠቀምኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከ1995 ጀምሮ በነፃ የሚነበበው የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ ነው፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያለው የመጻሕፍት ዝርዝር ብቻውን ሀብት ነው። ሁለተኛው ፊልፔፐርስ የተባለው ድረ ገጽ ነው፤ በአንድ ርዕስ ላይ በቅርቡ የተጻፈውን ያሳያል፣ ብዙ ጊዜም በነፃ የሚወርድ ቅጂ ይገኝበታል። ናሙናችሁ በቅርብ ዓመታት ከተጻፈው ጋር ካልተነጋገረ ይታወቅበታል።

ወደ ድጋፍ ደብዳቤ ልለፍ። ብዙ ቦታ የሚጠይቁት ሦስት ነው። እዚህ ላይ የራሴ ርዕስ ተመልሶ መጣብኝ። ማመልከቻውን የሚያነበው የመምህራን ኮሚቴ ስለማያውቀው ተማሪ፣ ብዙ ጊዜ ከማያውቀው መምህር ቃል ሊሰማ ነው። ምን ሲል ያምነዋል? «ጎበዝና ትጉህ» ሲል አይደለም፤ ያንን ሁሉም ይላል። «በዚህ ኮርስ ላይ ይህን ተቃውሞ አነሳ፣ እኔ ያልጠበቅኩት ነበር፣ ከዚያ ጽሑፉን በዚህ መልኩ ቀየረው» ሲል ግን አንባቢው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ስለዚህ በስም የገነኑ ግን የማያውቁኝን ትቼ ጽሑፌን ያረሙትን መረጥኩ። ቀነ ገደቡ ሁለት ወር ሲቀረው ጠየቅኳቸው። «ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» ከማለት «ጠንከር ያለ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ የሚችሉ ይመስልዎታል?» ማለት ይሻላል፤ ማመንታት ካለ ያኔውኑ ይወጣል። የናሙናውን ረቂቅ፣ የዓላማ መግለጫውን፣ ትራንስክሪፕቴን፣ የቀነ ገደቦቹን ዝርዝር፣ ለየመምህሩ ኮርስ የጻፍኩትን ወረቀት ከነእርማቱ አንድ ላይ አድርጌ ላክሁ። ፎርሙ ላይ ደብዳቤውን የማየት መብታችሁን ትተዉ እንደሆነ ይጠየቃል። ተዉት። ተማሪው የማያየው ደብዳቤ የበለጠ ይታመናል።

የዓላማ መግለጫው ያን ያህል አያስጨንቅ። አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው። በልጅነቴ ኮከብ እያየሁ ስለ ሕልውና አስብ ነበር የሚለውን ተዉት። በየትኛው ጥያቄ ላይ መሥራት እንደምትፈልጉ፣ እስካሁን ምን እንደሠራችሁ፣ ለምን እዚያ ዲፓርትመንት እንደሆነ ጻፉ። የምትጠሩት መምህር አሁንም እዚያ መሆኑን አረጋግጡ። ፈላስፎች ዩኒቨርሲቲ ይቀያይራሉ፣ ጡረታም ይወጣሉ።

የት እንደማመለክት የመረጥኩበት መንገድ ብዙ ጠቅሞኛል። ከደረጃ ሰንጠረዥ ሳይሆን ከራሴ የግርጌ ማስታወሻዎች ተነሳሁ። የጠቀስኳቸው ሰዎች የት ያስተምራሉ? ተማሪዎቻቸውስ የት ደረሱ? ዝርዝሬ የወጣው ከዚህ ነው። የፊሎሶፊካል ጉርሜ ሪፖርትንም አይቻለሁ። በመምህራን አስተያየት ላይ የተመሠረተና በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ላይ ያተኮረ ደረጃ ነው። ጥቅሙ በየዘርፉ ያወጣው ዝርዝር ላይ ነው። ከአጠቃላዩ ደረጃ ዝቅ ያለ ዲፓርትመንት በሥነ ዕውቀት ወይም በጥንታዊ ፍልስፍና ከፊት ሊገኝ ይችላል።

ፒኤችዲ ብቻ ላይ መንጠልጠልም አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ በማስተርስ የሚያበቁ ጥሩ ፕሮግራሞች አሉ፦ ተፍትስ፣ ብራንዳይስ፣ ጆርጂያ ስቴት፣ ሰሜን ኢሊኖይ፣ ዊስኮንሲን ሚልዋኪ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክፍያ ይቀንሳሉ ወይም አበል ይሰጣሉ። ከቀድሞ ትምህርታችሁ ፍልስፍና ጥቂት ከሆነ ይህ መንገድ በጣም ይመከራል። የኦክስፎርዱ ቢፊል በ1946 የተጀመረ የሁለት ዓመት ፕሮግራም ነው፣ መጨረሻው እስከ 30,000 ቃል የሚደርስ ቴሲስ ነው። ስሙ ትልቅ ነው፣ ወጪውም እንዲሁ፤ ገንዘቡ ከመግቢያው ጋር አብሮ አይመጣም። በስኮትላንድ የቅዱስ እንድርያስና የስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲዎች ጥምር ፕሮግራም፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው የቤልጂየሙ ሉቨን፣ ለሎጂክ ሰዎች የአምስተርዳሙ ማስተርስ፤ እነዚህንም አይቻቸዋለሁ። ብሪታንያ ለፒኤችዲ ስታመለክቱ የምርምር ዕቅድ ትጠየቃላችሁ፣ ምክንያቱም እዚያ በቀጥታ ወደ ምርምር ነው የሚገባው። አሜሪካ መጀመሪያ ኮርስ ትወስዳላችሁ፣ ስለዚህ ሐሳባችሁ ቢቀየር አያስገርምም።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር። የማመልከቻ ክፍያው ሲደማመር ከባድ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አቅም ለሌለው ክፍያውን ያነሳሉ፣ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጂአርኢ በብዙ የፍልስፍና ዲፓርትመንት ቀርቷል፤ ሳታረጋግጡ ብር አታውጡ። ቀድሞ የተማራችሁት በእንግሊዝኛ ከሆነ ከቶፍል ወይም ከአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ነፃ የሚያደርጉም አሉ።

ቀነ ገደቡ በአብዛኛው ከዲሴምበር እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው። መልሱ በፌብሩዋሪና በማርች ይመጣል። ያ ጊዜ ከባድ ነው፣ አልደብቅም። እምቢታው ተከታትሎ መጣ። አንድ ቀን ከምወደው ዲፓርትመንት ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ነዎት የሚል መልእክት ደረሰኝ።

እዚህ ላይ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት አለ፤ የገንዘብ ድጋፍ ያለው ጥሪ የደረሰው ተማሪ ከኤፕሪል 15 በፊት እንዲመልስ አይገደድም። ስለዚህ ብዙ ጥሪ የያዙ ሰዎች የማይሄዱበትን የሚለቁት ያ ቀን ሲቃረብ ነው። ተጠባባቂው ያኔ ይንቀሳቀሳል። ለዲፓርትመንቱ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ። ቢጠሩኝ እንደምመጣ ነገርኳቸው፤ እውነቴን ነበር፣ እውነት ካልሆነ ግን ይህን መጻፍ ተገቢ አይደለም። ጥሪ ይዛችሁ የማትሄዱበትን ቦታ ወዲያው ልቀቁ። ከኋላችሁ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ኤፕሪል 15 ሊደርስ ሲል ተደወለልኝ። በደስታ ላይ ሆኜም ቢሆን እሺ ከማለቴ በፊት ጠየቅኩ። አበሉ ክረምቱን ይጨምራል? የጤና መድኅን አለ? ስንት ዓመት ማስተማር አለብኝ? የተመረቁት የት ሥራ አገኙ፣ ያልጨረሱትስ ለምን ወጡ? ቋሚ የፍልስፍና መምህርነት ለማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ዲፓርትመንቱ በግልጽ መለሰልኝ። ከዚያ መምህራኑ በሌሉበት ከነባር ተማሪዎች ጋር ተነጋገርኩ። ለአማካሪያቸው አንድ ረቂቅ ሲሰጡ አማካሪው ምን ያህል ቆይቶ፣ ምን ጽፎበት እንደሚመልስ ጠየቅኳቸው። አንዷ ተማሪ ዳርና ዳሩ በእርማት የተሞላ ምዕራፏን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በማግስቱ ቦታውን ተቀበልኩ።