ካርታ ሳይገለጥ የሚወሰድ ፖት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ በ16 ሰው የምናደርገውን የፖከር ውድድር ያሸነፍኩት ካርታ ስለቀናኝ ነው የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ዕድል የሚፈርደው ሁለት ሰው ካርታውን ገልጦ ሲተያይ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ ካርታ ሳይገለጥ የምወስዳቸውን ፖቶች (መሃል የተከማቸ መወራረጃ) ማብዛት ነበር። ሁለቱ የት ጋ እንደሚለያዩ በቁጥር ላስረዳ።

የምንጫወተው ቴክሳስ ሆልደም ነው፤ 2 ካርታ በእጅ፣ 5 መሃል። መግቢያው 300 ብር ነው። ከሚሰበሰበው 4,800 ብር አንደኛ 2,400፣ ሁለተኛ 1,440፣ ሦስተኛ 960 ይወስዳሉ። ለሁሉም 10,000 ቺፕ (በብር ፋንታ የምንወራረድበት) ይሰጣል። ብላይንድ፣ ማለትም ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰዎች በተራ በግዴታ የሚያስቀምጡት፣ ከ50/100 (ትንሹ ስሞል፣ ትልቁ ቢግ ብላይንድ ይባላል) ይነሳና በየ20 ደቂቃው ያድጋል፦ 100/200፣ 150/300፣ 200/400፣ 300/600፣ 400/800፣ 600/1,200፣ 1,000/2,000። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ከጀመርን የቡናውን እረፍት ጨምሮ ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። ደቂቃውን ወደ 10 ማውረድ አልመክርም። ብላይንዱ ሲሮጥ ሁሉም ቶሎ ኦል ኢን ለማለት፣ ያለውን ቺፕ በሙሉ ለማስገባት፣ ይገደዳል፤ ያኔ ውድድሩ ለዕድል ብቻ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ጥሩ ካርታ ሲጠብቅ ነው። በእጅ እየተበወዘ በ20 ደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ብንታደል ነው። ጥንድ የሚመጣው በአማካይ ከ17 አንዴ፣ ሁለት አስ ደግሞ ከ221 አንዴ ነው። 400/800 ላይ ስትደርስ 10,000 ቺፕህን ይዘህ ብትቆይ እንኳ ያለህ 12 ቢግ ብላይንድ ብቻ ነው፤ የጠረጴዛው እያንዳንዱ ሙሉ ዙር ደግሞ 1,200 ይበላብሃል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች በጥንቃቄ ነው የምጫወተው። 150 ቺፕ ለመስረቅ ብለፍ ማድረግ፣ ማለትም ያለ ካርታ ማስፈራራት፣ ምን ይጠቅማል? ያን ጊዜ የምጠቀምበት ሰው ለማየት ነው፦ ማን ሲነካ ካርታውን ይጥላል፣ ማን እስከ መጨረሻው ኮል እያለ (ሌላው ያስቀመጠውን ያህል እየከፈለ) ይከተላል። ይህ ዕውቀት በኋላ ከጥሩ ካርታ በላይ ይከፍላል።

ማጥቃት የምጀምረው ከ200/400 ወዲህ ነው። ከእኔ በፊት ማንም ካልገባ በኮል ብቻ አልገባም፤ ወይ ከፍ አደርጋለሁ ወይ እጥላለሁ። መጠኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ከቢግ ብላይንዱ ሁለት ከሩብ እጥፍ። ለጥሩ ካርታ ትልቅ፣ ለደካማ ትንሽ የሚያስቀምጥ ሰው ካርታውን አፍ አውጥቶ እየተናገረ ነው።

አንዱን እጅ በቅርብ እንየው። ብላይንዱ 400/800 ነው፣ 8 ሰው ቀርቷል፣ እኔ ዲለር ቦታ ላይ ነኝ፣ ከእኔ በኋላ ያሉት ሁለቱ ብላይንዶች ብቻ ናቸው፤ የያዝኩት ኩዊን እና 6 ነው። ሁሉም ጥለው ሲደርሰኝ 1,800 አስቀመጥኩ። ስሞል ብላይንዱ ጣለ፣ ቢግ ብላይንዱ ኮል አለ፤ ፖቱ 4,000 ሆነ። ፍሎፑ፣ ማለትም መሃል መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት ካርታዎች፣ አስ፣ 8 እና 3 ወጣ። እኔ ምንም የለኝም። እሱ ቼክ አለ (ምንም ሳያስቀምጥ አሳለፈ)፣ እኔ 1,300 አስቀመጥኩ፣ ጣለ። እዚህ ላይ ዕድል የለም፣ ሒሳብ ነው። 4,000 ለመውሰድ 1,300 ካስቀመጥኩ ከአራት አንዴ ገደማ ቢሳካልኝ አልከስርም። ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች የያዘ ሰው ደግሞ ፍሎፕ ላይ ጥንድ ወይም ከዚያ በላይ የሚያገኘው ከሦስት አንዴ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ አስ ሲወጣ አስ ይኖረዋል ተብሎ የሚፈራው ቀድሞ ከፍ ያደረገው ነው። እሱ ሊያሸንፍ የሚችለው ካርታው ከበለጠ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ካርታዬ ቢበልጥም፣ እሱ ቢጥልም አሸንፋለሁ። እንዲህ ያለ ትንሽ ፖት በየዙሩ አንድ መውሰድ ብላይንዱን ችሎ ያቆያል።

ይህ የማይሠራባቸው ሰዎች አሉ። ሁሉን ነገር ኮል የሚለውን ሰው በብለፍ አትንካው፤ ጥንድ ስትይዝ ብቻ ጠበቅ አድርገህ አስከፍለው። ከ8 ቢግ ብላይንድ በታች የቀረው ሰውም አይጥልም፣ ተስፋ ቆርጦ ይገባል። ከአንተ የበለጠ ቺፕ ያለው ደግሞ በአንድ እጅ ሊያስወጣህ ይችላል። ዋናው ኢላማ መካከለኛ ቺፕ ይዞ ሽልማት ውስጥ ለመግባት የሚጠነቀቀው ነው፤ በተለይ አራት ሰው ቀርቶ ሦስቱ ብቻ በሚሸለሙበት ሰዓት።

አሁን ወደ ዕድሉ። ሦስት ሰው ሲቀር፣ 1,000/2,000 ላይ፣ ስሞል ብላይንድ ሆኜ በ30,000 ቺፕ አስ እና 9 ይዤ ኦል ኢን አልኩ። ቢግ ብላይንዱ ከእኔ የሚበልጥ ቺፕ ነበረው፤ ጥንድ 10 ይዞ ኮል አለ። የማሸነፍ ዕድሌ 30 በመቶ ገደማ ነበር። እስከ ተርን፣ ማለትም እስከ አራተኛው የመሃል ካርታ፣ አስ አልወጣም። ከማይታዩት 44 ካርታዎች የሚያድኑኝ 3 ብቻ፣ ወደ 7 በመቶ። ሪቨር፣ አምስተኛውና መጨረሻው ካርታ፣ ላይ አስ ወጣ። ይህ ንጹህ ዕድል ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ውሳኔው ግን ከሪቨሩ ጋር አይገናኝም። ሰውዬው ከአራት ሦስቴ ይጥላል ብዬ ነው የገባሁት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ 3,000 አገኛለሁ፣ ድምሩ 9,000። አራተኛው ላይ ኮል ብሎ፣ ኮል በሚልባቸው ካርታዎች ሁሉ አማካይ ዕድሌ ወደ 42 በመቶ ቢወርድ እንኳ አማካይ ኪሳራዬ 3,800 ነው። ስለዚህ አስ ባይወጣና ሦስተኛ ሆኜ ብወጣም ያንኑ እደግመዋለሁ።

በትልቁ መድረክም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ፖከር ውድድር ዋናውን ጨዋታ ከ839 ተጫዋቾች መካከል ያሸነፈው ክሪስ መኒሜከር ነው። ታዋቂውን ተጫዋች ፊል አይቪን ያስወጣው ተርን ላይ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ከ44 ካርታዎች 7 ብቻ ሲያድኑት፣ ሪቨር ላይ በወጣ አስ ነው። በመጨረሻ ከሳሚ ፋርሃ ጋር ሁለት ሲቀሩ ግን ኪንግ እና 7 ብቻ ይዞ፣ ምንም ሳይኖረው፣ ኦል ኢን አለ፤ ፋርሃ የ9 ጥንዱን ጣለ። አንዱን ዕድል ሰጠው፣ ሌላውን ራሱ ወሰደው። የአንደኛው ሽልማት፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ሁለቱንም ጠይቆታል።

ብዙ ቺፕ መያዝ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሁልጊዜ 80 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ይዘህ አምስት ጊዜ ኦል ኢን ብትገባ አምስቱንም የምታሸንፈው ከሦስት አንዴ ገደማ ነው። ተጋጣሚህ ከአንተ ያነሰ ቺፕ ካለው ግን መሸነፍ አያስወጣህም፣ ያቆስልሃል እንጂ።

ወደ እኛ ውድድር ስንመለስ፣ ሁለት ስንቀር ዲለሩ ስሞል ብላይንድ ይሆናል፤ ከፍሎፕ በፊት ቀድሞ፣ ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ ላይ ይወስናል። በዚያ ቦታ አብዛኛውን እጅ ወደ 4,500 ከፍ አደርግ ነበር። ተጋጣሚዬ መልሶ ከፍ ሲያደርግብኝ በደካማ ካርታ አልተከራከርኩም፣ ጣልኩ። ከሦስቱ ሁለቱን ያለ ግብግብ ከወሰድኩ አንዱን መልቀቅ አይጎዳኝም።