የጋሼ ዲቪደንድ እና ሣጥን 3ቢ

የምሠራው ለንደን ውስጥ፣ አንድ ትንሽ የሒሳብ ቢሮ ነው። ግማሽ ያህሉ ደንበኞቻችን ሐበሾች ናቸው። የታክሲ ሹፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ ባለሬስቶራንት አለ። የአሜሪካ አክሲዮን ያለው ሰው ግን ብዙም አይገጥመኝም ነበር። በ2024 ኦክቶበር ላይ ጋሼ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ሲመጡ እንደ ሌላው ሰው ሪተርን፣ ማለትም የዓመቱን የታክስ ማሳወቂያ፣ ሠርቼ የምሸኛቸው መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ለንደን የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። የአንድ አሜሪካዊ ኩባንያ የለንደን ቅርንጫፍ ውስጥ ሃያ ዓመት በኢንጂነርነት ሠርተዋል። ኩባንያው በየጊዜው አክሲዮን ይሰጣቸው ነበር፤ አንዱንም አልሸጡም። አሁን በየሦስት ወሩ 1,500 ዶላር ዲቪደንድ፣ የአክሲዮን ትርፍ ድርሻ ማለት ነው፣ ይታሰብላቸዋል። አክሲዮኑን የሚይዝላቸው ደላላ አሜሪካ ስለሆነ ታክሱን እዚያው ቆርጦ የተረፈውን ነው የሚያስገባላቸው።

መግለጫውን ሳየው ከ1,500ው ላይ 450 ተቆርጧል። 30 ፐርሰንት መሆኑ ነው። የእንግሊዙ ሪተርን ላይ ለውጭ አገር የተከፈለ ታክስ የሚሞላበት ገጽ አለ። ሁለት አገር አንድን ገቢ ደርበው እንዳይቀጡት የተሠራ ነው። እዚያ ላይ 30 ፐርሰንቱን እንዳለ አስገባሁት። የጋሼ ደሞዝ ከ50,270 ፓውንድ ስለሚበልጥ እዚህ ዲቪደንዳቸው ላይ የሚከፍሉት ያኔ 33.75 ፐርሰንት ነበር። የአሜሪካው ሲቀነስላቸው እዚህ የሚከፍሉት ትንሽ ሆነ። ደስ አላቸው። መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ሪተርኑን ላክሁ።

ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ አለቃዬ ጠራችኝ። የተላኩ ሪተርኖችን አልፎ አልፎ እየመዘዘች የማየት ልማድ አላት። የጋሼን ፋይል ከፍታ አንዲት ወረቀት ወደ እኔ ገፋች። የአሜሪካው ደላላ በየዓመቱ የሚልከው 1042-ኤስ የሚባለው ቅጽ ነው። በትንንሽ ሣጥኖች የተሞላ ስለሆነ ዓይን ያደክማል። ፋይሉ ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ግን አላነበብኩትም።

«ሣጥን 3ቢን አንብብልኝ» አለች።

«30.00።»

«ሰውየው የሚኖሩት የት ነው?»

«ለንደን።»

«ታዲያ ስንት መሆን ነበረበት?»

ያኔ ገባኝ። እንግሊዝና አሜሪካ በ2001 የፈረሙት፣ በ2003 ሥራ ላይ የዋለ የታክስ ውል አላቸው። በዚያ ውል መሠረት እንደ ጋሼ ያለ የእንግሊዝ ነዋሪ ከአሜሪካ ኩባንያ ዲቪደንድ ሲያገኝ አሜሪካ መቁረጥ የምትችለው 15 ፐርሰንት ብቻ ነው። የእንግሊዙ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ኤችኤምአርሲም የሚያቀናንሰው ያንኑ 15 ነው። ከዚያ በላይ የተቆረጠውን አያውቅልህም። «የበለጠውን ከወሰደው አገር ጠይቅ» ነው መልሱ። እኔ ደግሞ ከአሜሪካ መጠየቅ የነበረበትን ገንዘብ ከእንግሊዝ ላይ ቀንሼ ልኬዋለሁ።

ለጋሼ መደወል ነበረብኝ። ስልኩን አንስቼ ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። መርቀውኝ የሄዱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ የሠራሁት ሪተርን ላይ ስህተት አለ። ስህተቱ የኔ ነው። ለእንግሊዙ ከ500 ፓውንድ በላይ መጨመር ሊኖርብዎት ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ገንዘቡ እኮ አንዴ ተቆርጧል» አሉኝ።

«አዎ። ያለአግባብ የተቆረጠው ግን አሜሪካ ነው ያለው። እሱን አስመልስልዎታለሁ።»

በማግስቱ መጡ፤ ነገሩን ከሥር ጀምረን አየነው። ደላላው የውሉን 15 ፐርሰንት የሚጠቀመው ደብልዩ-8 ቤን የሚባል ቅጽ በእጁ ካለ ነው። «እኔ አሜሪካዊ አይደለሁም፣ ነዋሪነቴ እንግሊዝ ነው» የምትልበት ቅጽ ነው። ዕድሜ አለው። ከፈረምክበት ዓመት በኋላ ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ይሞታል። ጋሼ የፈረሙት በ2019 ስለነበር ዲሴምበር 31 ቀን 2022 ላይ አበቃ። ደላላው አድሱ ብሎ ደብዳቤ ልኮ ነበር፤ የላከው ግን ለቀው ወደወጡት ቤት ነው። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ 30 ሲቆረጥ ከርሟል።

አዲሱን ቅጽ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ሞላን። ለዚህ የአሜሪካ ቁጥር አያስፈልግም፤ የእንግሊዙ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር ይበቃል። ካለፈው ጊዜ ጀምሮ ሁኔታዬ አልተለወጠም የሚል ማረጋገጫም ፈረሙበት። ይቺ ማረጋገጫ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ትልቅ ሥራ ሠርታለች። የዓመቱ 1042-ኤስ ሳይላክ በፊት፣ ማለትም በተለምዶ እስከ ቀጣዩ ማርች 15 ድረስ፣ ደላላው አብልጦ የቆረጠውን ራሱ መመለስ ይችላል። ሁሉም ደላላ እሺ አይልም። የጋሼ ደላላ ግን እሺ አለ፤ በ2024 ሦስት ክፍያዎች ላይ የበለጠው 675 ዶላር ከገና በፊት አካውንታቸው ገባ።

የ2023ቱ ግን ከደላላው እጅ ወጥቷል። የአሜሪካው ታክስ ሰብሳቢ፣ አይአርኤስ፣ ዘንድ ገብቷል። 900 ዶላር ነው። እሱን ለማስመለስ 1040-ኤንአር የሚባለውን የአሜሪካ ሪተርን መሙላት፣ 1042-ኤሱን ማያያዝ፣ የውሉን አንቀጽ 10 መጥቀስ ያስፈልጋል። ጊዜው ሦስት ዓመት ነው፤ ካለፈ ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው። የአሜሪካ የታክስ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር፣ የእንግሊዙ ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ስለሆነ የማርች 2023 ክፍያ እዚህ ያለፈው ዓመት ውስጥ ወደቀች። እሷን ለብቻ አስተካከልናት።

ከሁሉ ያስቸገረን ቁጥሩ ነው። የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ሰው አይቲን የሚባል የታክስ ቁጥር ማውጣት አለበት። ማመልከቻው፣ ደብልዩ-7 የሚባለው፣ ከሪተርኑ ጋር አብሮ ወደ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ይላካል። ዋናው ፓስፖርት ወይም ፓስፖርቱን ያወጣው መሥሪያ ቤት ያረጋገጠው ኮፒ ይያያዝ ይላል። ጋሼ ደግሞ ለጥምቀት አዲስ አበባ ሊሄዱ ትኬት ቆርጠዋል።

«ፓስፖርቴንማ ለቴክሳስ አልሰጥም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፓስፖርቱ ተመልሶ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል።

መውጫው አይአርኤስ ፈቃድ የሰጠው ወኪል ነው። እዚህ ለንደንም አሉ። ወኪሏ ፓስፖርታቸውን በእጇ ይዛ አየች፣ ኮፒ አደረገች፣ ማረጋገጫውን ፈረመች፣ ፓስፖርቱን እዚያው መለሰችላቸው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የአገልግሎት ክፍያዋን ቢሯችን ቻለው። አለቃዬ ናት ያንን የወሰነችው፤ ስህተቱ ከኛ ነው ብላ።

የእንግሊዙን ሪተርን ጃንዋሪ 31 ሳይደርስ አረምነው። ጋሼ ጭማሪውን በጊዜ ስለከፈሉ ወለድ አልተጨመረባቸውም። አይቲኑ በኤፕሪል መጣ። የ900 ዶላሩ ቼክ በኦገስት ደረሰ። ባንካቸው የውጭ ቼክ መቀበል ትቷል። እዚህ ብዙዎቹ ባንኮች ትተዋል። ሌላ ባንክ ፈልገን፣ ኮሚሽን ተቆርጦለት ተመነዘረ።

ቼኩን ያሳዩኝ ዕለት ከአዲስ አበባ ያመጡትን ግማሽ ኪሎ ቡናም ይዘውልኝ ነበር። ስልካቸውን ተቀብዬ ካሌንደሩን ከፈትኩ። አዲሱ ቅጽ የሚያበቃው ዲሴምበር 31 ቀን 2027 ነው። ኖቬምበር 1 ላይ «ደብልዩ-8 ቤን ይታደስ» ብዬ ጻፍኩላቸው። በራሴ ስልክ ላይም ያንኑ ጻፍኩ።