አሮጌውን የቫልቭ አምፕሊፋየር ደሴ ላይ እንዴት ነፍስ እንደዘራሁበት

ዕቃው ባለ 50 ዋት የቫልቭ (አየር የሌለው የመስታወት ቱቦ) አምፕሊፋየር ነው፤ የአንድ መስጊድ ንብረት፣ ለሠርጉም ለሐዘኑም ሰፈሩ ሲዋሰው የኖረ። ውስጡ ሁለት ኢኤል 34 የኃይል ቫልቮች፣ ሦስት ኢሲሲ 83 እና አንድ ጂዜድ 34 ሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ የሚያደርግ ቫልቭ) አሉ። ሲመጣ ሦስት ሕመም ነበረበት። ማይክሮፎን ሳይሰካም "እምምም" ይላል። አንደኛው ኢኤል 34 ውስጡ ያለው ብረት (አኖዱ) ፍም መስሎ ይቀላል። ራቅ ብለው የተሰቀሉት ሁለት ጥሩምባ ስፒከሮች ደግሞ አሉ ከማለት የሉም ማለት ይቀላል። ሦስቱንም "ቫልቩ አልቋል" በሚል አንድ ቃል ጠቅልለው ነበር ያመጡት። ሁለቱም ቫልቮች ዛሬም እዚያው ናቸው።

መብራት ላይ ከመሰካቴ በፊት ትራንስፎርመሮቹን በቴስተር ለካሁ። ሌላው ዕቃ ተፈልጎ ይገኛል፤ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ግን ነገሩ ከባድ ነው። የውፅዓት ትራንስፎርመሩ ከመሃል መውጫው ወደ አንዱ ጫፍ 82፣ ወደ ሌላው 91 ኦም አሳየ። ልዩነቱ አያስደነግጥም፤ በውጭ በኩል የተጠመጠመው ግማሽ ዙሩ ስለሚሰፋ ሽቦው ይረዝማል። የሚያስፈራው አንዱ 82 ሆኖ ሌላው 30 ቢሆን ነው። ከጥምጥሙ ወደ ብረቱ በ500 ቮልት ሜገር (ጥምጥሙ ከብረቱ ምን ያህል እንደተለየ የሚለካ መሣሪያ) ስለካ ግን 3 ሜጋ ኦም ብቻ አገኘሁ። ደሴ ክረምቱን በጦሳ ተራራ ጉም ተሸፍና ነው የምትከርመው፤ ወረቀት ያለበት ጥምጥም እርጥበቱን ይጠጣዋል። ካርቶን ውስጥ 60 ዋት አምፖል አብርቼ ሁለት ቀን አደረቅሁት፤ ከ100 ሜጋ ኦም በላይ ወጣ። እዚህ ላይ ተቻኩሎ ለሞተር ጠምጣሚ መስጠት አይገባም። የሞተር ጠምጣሚ እጁ ጥሩ ነው፤ የድምፅ ትራንስፎርመር ግን ዋናውና ሁለተኛው ጥምጥም እየተፈራረቁ በንብርብር ካልተጠመጠሙ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል።

የመብራት ገመዱ ባለሁለት ሽቦ ነበር፤ ከአንዱ ሽቦ ወደ ሻሲው (የብረት አካሉ) ደግሞ አሮጌ ካፓሲተር ተሰክቷል። ይህ ካፓሲተር ሾርት ከሆነ ማይክሮፎን የያዘው ሰው 220 ቮልት ያዘ ማለት ነው። ቆርጬ ጣልኩት። ባለሦስት ሽቦ ገመድ አስገብቼ የመሬቱን ሽቦ በራሱ ብሎን ከሻሲው ጋር አሰርኩ፤ ፊውዙንም 1.6 አምፔር ዘገምተኛ አደረግሁት። የግድግዳው ሶኬት የመሬት ቀዳዳ ስላለው ብቻ መሬት አለው ማለት እንዳልሆነ የደሴ ሰው ያውቀዋል፤ በቴስተር መታየት አለበት።

ለመጀመሪያው ማብራት 100 ዋት ባለክር አምፖል በተከታታይ አስገባሁ። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ ክሩ ሲግል ተቃውሞው ከ40 ኦም አካባቢ ወደ 484 ኦም መውጣቱ ነው ዕቃውን የሚያድነው። ቫልቮቹን ሁሉ ነቅዬ ሳበራ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ፤ የኃይል ትራንስፎርመሩ ደህና ነው። ጂዜድ 34ን ስመልስ ግን አምፖሉ ቦግ ብሎ ቀረ። ጥፋቱ ከሬክቲፋየሩ የሚወጣውን ቮልት የሚያለሰልሱት ማጣሪያ ካፓሲተሮች ጋ ነበር።

የተጻፈባቸው 32 እና 32 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት ነው። በምትካቸው ትልቅ ካፓሲተር ማስገባት ያምራል፤ ጂዜድ 34 ግን ከፊቱ ከ60 ማይክሮፋራድ በላይ አይችልም፤ ሲበራ የሚስበው ጉርሻ ካቶዱን (ውስጡ የሚግለውን ክፍል) ይልጠዋል። ቮልቱም አለ። ኢኤል 34ቶቹ ሳይሰኩ መስመሩ 496 ቮልት ደረሰ፤ 450 የተጻፈበት ካፓሲተር እዚያ ላይ ዕድሜ የለውም። ከአሮጌ ቴሌቪዥን የሚነቀሉ 100 ማይክሮፋራድ 400 ቮልት ካፓሲተሮችን ሁለት ሁለት አድርጌ በተከታታይ አሰርኩ፦ 50 ማይክሮፋራድ፣ 800 ቮልት። በእያንዳንዱ ላይ 220 ኪሎ ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር ካልታሰረ ቮልቱን እኩል አይካፈሉም። የተነቀለ ካፓሲተር አናቱ ካበጠ ወይም ቴስተር ላይ ከ85 ማይክሮፋራድ በታች ካሳየ አልነካውም። እጅ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ በ2.2 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ማራገፍ ነው፤ በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ ጀግንነት አይደለም፣ ካቻቢቴውንም ካፓሲተሩንም ያበላሻል።

የሚቀላው ቫልቭ ጉዳይ የተፈታው ቫልቩን በመንቀል ነው። ባዶው ሶኬት 5ኛ እግር (ግሪዱ፣ የቫልቩን ፍሰት የሚቆጣጠረው) ላይ ኔጌቲቭ 36 ቮልት መገኘት ሲገባው ፖዘቲቭ 9 ቮልት አገኘሁ። ከፊት ያለው 0.1 ማይክሮፋራድ የወረቀት ካፓሲተር አፍስሶ ከፍተኛውን ቮልት ወደ ግሪዱ እያሳለፈ ነበር። አዲስ ቫልቭ ቢሰካ እሱም ይቀላ ነበር። አራቱንም እንደዚህ ያሉ ካፓሲተሮች በ0.1 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት ፖሊፕሮፒሊን ቀየርኩ። የካርቦን ሬዚስተሮቹም እርጥበት ጎድቷቸዋል፦ 100 ኪሎ ኦም የተባለው 138፣ 470 የተባለው 720 አሳየ። ከ15 በመቶ በላይ የሸሸውን ብቻ ነው የለወጥኩት፤ ሁሉንም መንቀል ሌላ ስህተት ይጋብዛል።

ከእያንዳንዱ ኢኤል 34 8ኛ እግር (ካቶዱ) ወደ መሬት 1 ኦም ሬዚስተር አስገባሁ። ያኔ ቴስተሩ ላይ የሚነበበው እያንዳንዱ ሚሊ ቮልት አንድ ሚሊ አምፔር ነው። ድምፅ ሳይኖር የሚሄደውን ፍሰት በ430 ቮልት 38 ሚሊ አምፔር ላይ አቆምኩት፤ 16.3 ዋት ይሆናል፣ ቫልቩ የሚችለው 25 ነው። መጀመሪያ ላይ ግን ይህን ያስተካከልኩት አምፖሉ በተከታታይ እንዳለ ነበር። አምፖሉ ቮልቱን ስለሚያወርድ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው፤ አምፖሉ ሲወጣ 38 ያልኩት 61 ሆኖ ጠበቀኝ። የቤቱ መብራትም ማለዳ 234፣ ማታ 198 ቮልት ስለሚሆን ያስተካከልኩት ማለዳ ነው። ማታ ይቀንስ እንጂ አይጎዳም።

አንድ ቀን ሙሉ የበላኝ የራሴ ጥፋት ነው። ትራንስፎርመሩን ለማድረቅ ስፈታ የሁለቱን አኖድ ሽቦዎች ቀለም አልጻፍኩም። ስመልሰው አምፕሊፋየሩ እንደ ጅብ ጮኸ። ከውፅዓቱ ወደ መግቢያው የሚመለሰው ግብረ መልስ ድምፁን መቀነስ ሲገባው መደመር ጀምሮ ነበር። ሁለቱን ሽቦዎች ከአንዱ ኢኤል 34 3ኛ እግር (አኖዱ) ወደ ሌላው 3ኛ እግር ማዘዋወር በቂ ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያ ኢሲሲ 83ቶቹን እየቀያየርኩ ዋልኩ።

"እምምታው" አብዛኛው በካፓሲተሮቹ ሄዷል፤ እሱ 100 ሄርትዙ፣ ሻካራው ነው። የቀረው ለስላሳው 50 ሄርትዝ ነበር። ከውፅዓት ወደ መግቢያ እየሄድኩ የየቫልቩን ግሪድ በ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ መሬት አስነካሁ። የመጀመሪያው ኢሲሲ 83 ግሪድ ላይ ስደርስም ዝም አለ፤ ጥፋቱ ከዚያ በፊት ነው ማለት ነው። ከማይክሮፎን መሰኪያው የሚመጣው የውስጥ ገመድ ሺልድ (መሸፈኛ ሽቦው) በሁለቱም ጫፍ ከሻሲው ጋር ታስሮ ነበር፤ አንዱን ፈታሁ። የቫልቮቹን ማሞቂያ የሚመግቡትን የ6.3 ቮልት ሽቦዎችም ጠምዝዤ ከየጫፋቸው 100 ኦም ወደ መሬት አወረድኩ። የሶኬቶቹን እግር የጠረግሁት በንጹሕ አልኮል ነው። አረቄ ይሆናል የሚል አለ፤ አይሆንም፣ ውሃው ይበዛል።

ከቫልቭ አምፕሊፋየር ጋር ቀልድ የሌለው ነገር ጭነት (ስፒከር ወይም ሬዚስተር) ሳይኖረው ድምፅ መስጠት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ቮልቱ ዘሎ ጥምጥሙን ይበሳል። የዚህ ዕቃ መውጫ የ100 ቮልት መስመር ነው፤ እያንዳንዱ ጥሩምባ ቮልቱን በራሱ ትንሽ ትራንስፎርመር ያወርደዋል። ለ50 ዋት በ100 ቮልት የሚያስፈልገው 200 ኦም ነው። ይህን ትልቅ ሬዚስተር ደሴ ላይ ከመፈለግ አራት የ1000 ዋት የባልዲ ውሃ ማሞቂያ በተከታታይ ማሰር ይቀላል። አንዱ 48 ኦም ተኩል ያህል ነው፤ አራቱ 194። በ50 ዋት እያንዳንዱ 12.5 ዋት ብቻ ስለሚደርሰው ውሃ ባይኖርም ሞቅ ይላል እንጂ አይቃጠልም። አምፖል እንደ ጭነት አይሆንም፤ ተቃውሞው ከግለቱ ጋር ይለዋወጣል። ባለ 16 ኦም መውጫ ላለው ደግሞ የ3.5 ኪሎ ዋት የእንጀራ ምጣድ 14 ኦም ገደማ ስለሚሆን ለመፈተሻ ይበቃል።

ከስልክ 400 ሄርትዝ ድምፅ ላኩ። ርካሽ ቴስተር ከዚያ በላይ ሲሄድ ይዋሻል። የስልኩን ግራና ቀኝ በቀጥታ አታገናኙ፤ በየራሳቸው 4.7 ኪሎ ኦም ይለፉ። ድምፁ መሻከር የጀመረው 88 ቮልት ላይ ነው፤ 40 ዋት። ለአሮጌ ቫልቮች ይበቃል።

ራቅ ብለው የተሰቀሉት ጥሩምባዎች ነገር አምፕሊፋየሩን አይመለከትም። አንድ ሰው ትራንስፎርመራቸውን ዘልሎ ስምንት ኦሙን ቀጥታ መስመር ላይ አስሮታል። 120 ሜትር ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ሄዶ ሲመለስ 5.6 ኦም ነው፤ ከስምንቱ ኦም ጋር ቮልቱን ይካፈላል፣ ከመቶው 41ዱ ገመዱ ላይ ይቀራል። በ100 ቮልት መስመር ግን ሙሉው 50 ዋት ቢጫንም የሚጠፋው 3 ቮልት አይሞላም። ትራንስፎርመሮቹን መልሼ አራቱንም ጥሩምባ በ10 ዋት መውጫቸው ላይ አሰርኩ፤ በድምሩ 40 ዋት። አንድ ሰው ለሠርግ አምስተኛ ልጨምር ካለ ሁሉም ወደ 5 ዋት መውረድ አለባቸው። መውጫውን በኦም መለኪያ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ጥቂት ኦም ብቻ ያሳያል። በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል 400 ሄርትዝ ልኮ በሬዚስተሩና በጥሩምባው ላይ ያለው ቮልት ቢቀራረብ ያ የ10 ዋት መውጫ ነው።

ጥሩምባ ወፍራም ድምፅ አያወጣም፤ ትንሿ ትራንስፎርመሩ ግን በከበሮው ምት ትሞላለች፣ መንዙማው ላይ የሚሰማው መንቃቃትም ከዚያ ነው። ከማይክሮፎኑ ደረጃ ቀጥሎ ያለውን ካፓሲተር 2.2 ናኖፋራድ አደረግሁት፤ ከ470 ኪሎ ኦሙ ጋር ከ154 ሄርትዝ በታች ያለውን ይቀንሳል። የጥሩምባዎቹን ፕላስና ማይነስ አንድ ዓይነት አድርጌ፣ በየመጋጠሚያው ናስትሮ ጠቅልዬ፣ ገመዱ ወደ ጥሩምባው ከመግባቱ በፊት አንድ ስንዝር ወደ ታች እንዲንጠለጠል አድርጌ አሰርኩት፤ ዝናቡ እዚያ ላይ ይንጠባጠብ።