ልጁ ያኔ ከማን ጋር ነበር የሚተኛው?

ጋምቤላ ውስጥ፣ አንድ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያ ጤና ጣቢያ በነርስነት ሠርቻለሁ። የቲቢ ልየታ ጥያቄዎቻችን የታወቁ ናቸው፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ። ቀጥሎ «ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» ይባላል። ለአዋቂ ይሠራል። ለሕፃን ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ፕላምፒናት (ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን የለውዝ ቅባት ምግብ) እየበላ ክብደቱ አልጨምር አለ። ክንዱን ስንለካው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ አሁንም የመለኪያው ቀይ ክፍል ላይ ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ሳሉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያመጣችው አክስቱ ናት፤ እናቱ የት እንዳለች አይታወቅም። ቤት ውስጥ የሚያስል አለ? ስንላት «የለም» አለች። እውነቷን ነው። አሁን ባሉበት ቤት ማንም አያስልም።

አስተርጓሚያችን ራሱ ስደተኛ ነው። በዚህ አላቆመም። ወሬ አስመስሎ ቀጠለ፤ በየት በኩል ተሻገራችሁ? ከመምጣታችሁ በፊት ልጁ ከማን ጋር ነበር የሚተኛው? ደቡብ ሱዳን፣ ናስር እያሉ ከአያቱ ጋር ነበር ለካ። አያቱ ስታስል ከርማ ሞታለች። ቅጹ ላይ ይህን የሚጠይቅ ቦታ የለም።

ከዚያ ናሙናው መጣ። ሕፃን አክታ አይተፋም፣ ይውጠዋል። ጠዋት በባዶ ሆዱ በአፍንጫ ቱቦ አስገብቶ ከጨጓራ መቅዳት ለልጁም ለእኛም መከራ ነው። ደግነቱ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ በሰገራም ይሠራል። ላክን፤ ኔጋቲቭ ሆነ። ሕፃናት ላይ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሚሆን ይህ «ቲቢ የለም» ማለት አይደለም። የቆዳ ምርመራውም ቢሆን እንዲህ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ላይ ምንም ሳያሳይ ሊቀር ይችላል።

የቀረው ኤክስሬይ ነው፤ እሱ ደግሞ ከተማ ነው። አክስትየው አልሄድም አለች። «ራሽን ማን ይሰለፍልኛል?» እንዲህ ያለችውን ሴት «ግንዛቤ የላትም» ማለት ይቀናናል። እኔ አይዋጥልኝም። የሚበሉ ሌሎች ልጆች አሏት። ጎረቤቷ ልትሰለፍላት ስትስማማ ሄደች።

ሐኪሙ የአያቱን ነገር፣ የክብደቱንና የኤክስሬይ ፊልሙን አንድ ላይ አይቶ የስድስት ወር መድኃኒት አስጀመረው። አክስትየው ካርዱን እንደተቀበለች «ክረምቱ ሲወጣ ናስር ደርሼ ልመጣ እችላለሁ» አለችን። ይህን ቀድማ መንገሯ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎች እንቆጣቸዋለን ብለው ስለሚፈሩ ዝም ብለው ይሄዳሉ። እሷ ከመሄዷ በፊት የመንገድ መድኃኒቱንና ሌላ ጤና ጣቢያ ሕክምናውን እንዲቀጥልለት የሚያሳየውን የዝውውር ወረቀት እንድትወስድ ተስማማን።