በሹሩባ መሃል የሚገባ ኤሌክትሮድ

የአንጎልን ሞገድ ስለሚለካ ኤሌክትሮድ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጸጉር ነው። ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎል ሞገድ ምርመራ፣ የተነሳ ሰው ያውቀዋል፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ያለበት። ጭንቅላቱ ላይ ጄል ይቀባል፣ ኤሌክትሮዶቹ ይለጠፋሉ። ሹሩባ የተሠራች ሴት ደግሞ መጀመሪያ ፍቺው ልትባል ትችላለች። ግማሽ ቀን የተቀመጠችበትን፣ ገንዘብ የከፈለችበትን ሹሩባ! ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ደረቅ ኤሌክትሮድ ላይ የሙጥኝ ያልኩትም ለዚህ ነው። ጄል የለውም። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያሉት እግሮቹ ጸጉሩን አልፈው ቆዳውን ይነካሉ። ግን ከአንጎል የሚመጣው ምልክት በጣም ደካማ ነው፤ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ቢደርስ ነው። ጄል ሲቀር በቆዳውና በኤሌክትሮዱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይጨምራል፤ ያኔ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው (50 ኸርዝ) የቤቱ መብራት ሞገድ ሁሉንም ይውጠዋል። ስለዚህ ደካማውን ምልክት የሚያጎላው ማጉያ እዚያው ኤሌክትሮዱ ጀርባ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

እግሮቹን ብረት አድርጎ ጫን ማለት ይቀላል። ግን ያማል። የሚያመው ሰው ደግሞ ጥርሱን ይነክሳል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፤ የጡንቻው ሞገድ የአንጎሉን ይሸፍነዋል። ምቾት ቅንጦት ነው ሲሉኝ የማልስማማው ለዚህ ነው። የማይመች ኤሌክትሮድ በትክክል አይለካም።

አሁን የያዝኩት ካርቦን የተቀላቀለበት ሲሊኮን ነው። ይተጣጠፋል፣ ዋጋውም አይከብድም። የአዳማ ሙቀትም ያግዘኛል። ላብ ጨው ስላለው ትንሽ ቆይቶ ተቃውሞው ይወርዳል። ላቡ ሲበዛ ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን የሞገድ መስመር ወዲያና ወዲህ ያንሳፍፈዋል።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ከነሹሩባዋ ተቀመጠችልኝ። መሣሪያው በባትሪ ነው የሚሠራው። በሁለት ጉንጉን መሃል ቆዳው ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከጭንቅላቷ ኋላ እዚያ መስመር ላይ አስገባሁት። “ጋሼ፣ አያምም እኮ!” አለች። ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳት። በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የሚመላለሰው የአልፋ ሞገድ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ስትገልጥ ጠፋ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1929 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያሳወቀው ሞገድ፣ ሹሩባ ሳይፈታ!

በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለጥቅጥቅና ጥቅልል ጸጉር የሚሆን፣ ጉንጉኑ ስር የሚያዝ የኤሌክትሮድ መያዣ ሠርተዋል። መንገዱ ያስኬዳል። እኔ የቀረኝ የጭንቅላቱ ጎንና ጎን ነው፤ እዚያ ጉንጉኑ ይታጠፋል። ቅዳሜ ፍራንኮ አካባቢ ሹሩባ የምትሠራ ጎረቤታችን ጋ ሄጄ፣ ለየትኛው ዓይነት ሹሩባ ምን ያህል ክፍተት እንደምትተው እጠይቃታለሁ። የእግሮቹን ርቀት የምወስነው ከዚያ በኋላ ነው።