ስትሮ አልተጠቀምሁም

በግራ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ መታመም የጀመረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነበር። እኔም ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው በቀኝ በኩል እየጠጣሁ፣ ምግብ ሲገባበት በስቴኪኒ እያወጣሁ ሁለት ዓመት ገፋሁት። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የጤና መድን ሰጥቶኛል፤ ይሁን እንጂ በአሜሪካ የጥርስ መድን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሚገባ በመሆኑ፣ ቅጹን ስሞላ ከደመወዜ ተጨማሪ ገንዘብ እንዳይቆረጥ ብዬ ያንን መስመር ባዶ ትቼው ነበር። ሌሊት ተረኛ ሆኜ የሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ እያጠብሁ የራሴን መርሳቴ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

አንድ ሌሊት ጉንጬ አብጦ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄድሁ። አራት ሰዓት ከጠበቅሁ በኋላ የሰጡኝ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና ማስታገሻ ነው፤ ጥርስ የሚነቀለው በጥርስ ሐኪም ዘንድ እንጂ እዚያ አለመሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ መበስበሱ ነርቩ ዘንድ መድረሱን አሳየኝና ሁለት ዋጋ ነገረኝ፦ ሥሩን አጽድቶና ሞልቶ ሽፋን ማልበስ 2,300 ዶላር፣ መንቀል 280 ዶላር። ያን ቀን ምርጫው ምርጫ አልነበረም። በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ እንዳለው፣ ባልቲሞር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1840 የተመሠረተው የዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ እንደሚገኝ፣ በሁለቱም ተማሪዎች በመምህራን ክትትል በቀነሰ ዋጋ እንደሚያክሙ የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ የነገረችኝም ጥርሱ ከወጣ በኋላ ነው።

መነቀሉ ከፈራሁት በጣም ቀላል ነበር። ማደንዘዣው ከመንጋጋዬ ማጠፊያ አጠገብ ከተወጋ በኋላ ከንፈሬና ምላሴ በግራ በኩል የሌሉ እስኪመስለኝ ድረስ ደነዘዙ፤ ሐኪሙ ጥርሱን ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን ሥር ለየብቻ ሲያወጣ የተሰማኝ ሕመም ሳይሆን ግፊት፣ ከዚያም አልፎ የራስ ቅሌ ውስጥ የሚያስተጋባ የስንጥቅ ድምፅ ነው። ጥቅልል ፋሻ አስነክሶኝ የተጻፈ መመሪያ ሰጠኝ፦ ለግማሽ ሰዓት አጥብቀሽ ንከሺ፣ ለ24 ሰዓት አትጉመጥመጪ፣ ትኩስ አትጠጪ፣ አታጭሺ፣ በስትሮ አትጠጪ። ምክንያቱንም አስረዳኝ፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም የሥሩን አጥንት የሚሸፍን ክዳን ነው፤ አፍ ውስጥ የሚፈጠር መሳብ ክዳኑን ሊነቅለው ይችላል።

የሚበላውን በተመለከተ ወረቀቱ እርጎ፣ አይስክሬምና እንቁላል ይላል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር ሦስቱም ለእኔ አልሆኑም። የቀዘቀዘ አጥሚት፣ በርበሬ ያልነካው ሽሮና የተፈጨ ድንች አሳለፉኝ። እንጀራ ለስላሳ ነው ብዬ ሞክሬው ነበር፤ ፍርፋሪው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ተውሁት። በሶም እንደዚያው ነው።

ጥርሱ የተነቀለው ሐሙስ ሲሆን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ጠራችኝ። 24 ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ስትሮም የለም፤ ስለዚህ አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ጠጣሁ። ትኩስ ቡና ግን እንደ ውኃ አይጨለጥም፤ የሚጠጣው ፉት እየተባለ ነው፤ ፉት ማለት ደግሞ መሳብ መሆኑን ዕድሜ ልኬን አስቤው አላውቅም ነበር።

እሑድ ንጋት ላይ የነቃሁት ከመጀመሪያው ሕመም በባሰ ሕመም ነው። ከመንጋጋዬ ተነሥቶ ጆሮዬንና ግንባሬን ይወጋኛል፤ አፌ መጥፎ ጣዕም አለው፤ ማስታገሻውም እንደ ውኃ ሆነ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ «ልጄ፣ ቅርንፉድ አድርጊበት ብዬሽ አልነበረም?» አለችኝ። እኔም በወጉ መናገር ስላቃተኝ ጭምር፣ «እማዬ፣ እዚህ እኮ ሐኪም አለኝ» ብዬ ዘጋሁት፤ ይህን በማለቴ እስካሁን አዝናለሁ።

ሰኞ ሐኪሙ ጉድጓዱን በመብራት አይቶ የረጋው ደም መውጣቱንና አጥንቱ መጋለጡን ነገረኝ። «በስትሮ ጠጥተሻል?» ሲለኝ «አልጠጣሁም» አልሁት፤ እውነቴን ነው። ስለ ቡናው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። ቡናው ብቻውን ያመጣው መሆኑን መማል አልችልም፤ እኔ ግን አልጠራጠርም። ጉድጓዱን በጨው ውኃ አጥቦ በመድኃኒት የተነከረ ትንሽ ፋሻ ሲወትፍበት ክፍሉን አንድ የማውቀው ሽታ ሞላው። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። የቅርንፉድ ዘይት ውስጥ የሚገኝ፣ ነርቭን የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር ነው አለኝ። ከመኪናዬ ሳልደርስ ሕመሙ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ።

ፋሻው ሁለት ጊዜ ከተቀየረ በኋላ በሳምንቱ ወደ ሥራ ተመለስሁ። በአንድ ወር ገደማ ድዱ ቢዘጋም ምላሴ አሁንም ሳላስበው ቦታውን ትዳስሳለች። በምትኩ አጥንት ላይ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ ስጠይቅ ከ4,000 ዶላር በላይ ነገሩኝ፤ ስለዚህ ቦታው ባዶ ነው፣ የማኝከውም በቀኝ ነው። በኅዳር የመድኑ ቅጽ ሲመጣ ያንን መስመር ሞላሁት። ለእናቴም ደውዬ ቅርንፉዱን እንዳደረግሁ ነገርኋት፤ ማን እንዳደረገልኝ ግን አልነገርኋትም።