ድፍርስ ውሃ ለምን ቶሎ አይጠራም?

ድፍርስ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡና ጠብቁ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል። ደቃቁ ሸክላ ግን ለቀናት እንደተንሳፈፈ ሊቆይ ይችላል፤ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

እነዚህ ደቃቅ ቅንጣቶች ኮሎይድ ይባላሉ። መጠናቸው ከ1 እስከ 1000 ናኖሜትር ገደማ ነው። በጣም ትንንሽ ስለሆኑ የውሃው ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገጩ ያንቀሳቅሷቸዋል። ግን ሲገናኙ ለምን አይጣበቁም? በጣም ሲቀራረቡ እኮ የሚሳሳቡበት ኃይል አላቸው። ምክንያቱ ኤሌክትሪክ ነው፦ የሸክላ ቅንጣቶች ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ገና ሳይነካኩ ይገፋፋሉ።

ጨው ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። ከጨው የሚወጡት ፖዘቲቭ አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው አተሞች) ቅንጣቶቹን ከበው ግፊያውን ያዳክሙታል፣ ከዚያ ቅንጣቶቹ ይነካካሉ፣ ይጣበቃሉ፣ እየተለቁ ሄደው ይዘቅጣሉ። እዚህ ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ። የሶዲየም አዮን ቻርጅ 1 ነው፣ የአሉሚኒየም 3። በንድፈ ሐሳቡ ከሄድን የሚያስፈልገው የአዮን መጠን በቻርጁ 6ኛ ፓወር ልክ ይቀንሳል፤ ስድስት 3ቶች ሲባዙ ደግሞ 729 ናቸው፣ ማለትም ከሶዲየም 729 ጊዜ ያነሰ አሉሚኒየም ይበቃል! አሉሚኒየም ውሃ ውስጥ ሌላም ሥራ ስለሚሠራ በተግባር ቁጥሩ ይለያያል፣ ግን ውሃ ለማጥራት አሉም (አሉሚኒየም ያለበት ጨው) የሚመረጠው በከንቱ አይደለም።

ወንዝ ባሕር ሲገባ ጭቃውን የሚጥልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ጨው ነው።